መብራት ሲመለስ

ሄርማታ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣ ቆርቆሮ ሥር፣
ከመዳፌ የምታንስ አረንጓዴ ሰሌዳ ይዤ
ሦስት ሌሊት አደርኩ።

ቦታዋ የአወቱ ድልድይ ነው፣ ከብረቱ አጥር ላይ፤
ቁልቁል እያየች ውሃውን ትለካለች፣
ሲሞላ ትጮሃለች።
(ትጮሃለች ተብላ ነው።
ዝም ያለችበትን ሌሊት ከታች ያሉት ቤቶች ያውቃሉ።)

ጥፋቱ የኔ ነው። በቀን ጻፍኩ፣ በቀን ጫንኩ፤
ሪድዋን ባልዲ ከሥሯ ከፍ ሲያደርግ ጮኸች፣
ሳቅን፣ ፈረምን፣ ሄድን።
ማታ መብራት ጠፋ። መብራት መጣ።
ተነሣች፤ ስሟን ታውቃለች፣
የታዘዘችውን ግን አታውቅም።

ለካ የጻፍኩት በውሃ ላይ ነበር።
ትዝታዋ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤
የሚቀርላት ከፋብሪካ ስትወጣ የታሸገላት ስንቅ ብቻ፣
የመነሻዋ ምስል።
በነቃች ቁጥር ያንን ትፈታለች፣ ያንኑ ትሆናለች።
እኔ የነገርኳት ሁሉ እንግዳ ነው፤
እንግዳ ደግሞ ሲመሽ ይሄዳል።

አባ ጭብሳ ሰሌዳዋን አይተው አልሳቁም።
ከሷ በፊት የድልድዩ ዘበኛ እሳቸው ነበሩ፤
የዋንዛ ዘንግ፣ ሦስት ጥርስ የተቀረጸበት፦
«አንደኛው ድረስ ተኚ። ሁለተኛው ላይ ልጆቹን ቀስቅሺ።
ሦስተኛውን ካለፈ ዘንጉንም ተይው።»
ቀጠሉ፣ ዘንጉን እየዳበሱ፦
«ይቺ ልጅሽ ግን የቀኑን ማታ ትረሳለች።
የሚረሳን አትምከሪ፤
ሳይወለድ ንገሪው እንጂ።»

እኔም ስንቁን ፈታሁ።
ስምንት ሜጋ፣ ያውም ጢም ያለ፤
ከርነሉ እንደ አባወራ መሃል ተቀምጦ
ዙሪያውን የማላውቃቸው ዘመዶች፦
ማተሚያ ማሽን የሚያነጋግር አንድ (ድልድይ ላይ ማን ያትማል?)፣
የስድስት አገር ፊደል፣ የግዕዙ የሌለበት፣
ስትነሣ የምታሰማው አጭር የፋብሪካ ዜማ።
ዜማውን አወጣሁት። ሪድዋን ይወደው ነበር።
በለቀቀው ቦታ የኔን አስገባሁ፤
አርባ ኪሎ ባይት፣ ከአንድ ጉርድ ፎቶ የምታንስ፣
የአባ ጭብሳ ሦስት ጥርሶች ቁጥር ሆነው ያሉባት።

ቋጠርኩ። ጫንኩ። አስነሣሁ።
ዝም።
ፕሮግራሙ ቦታው ላይ አለ፣ ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፤
የመሥራት ፈቃድ ነው ያልሰጠሁት።
ተቀጥሮ ደብዳቤው እንዳልወጣለት ሰው
በር ላይ ቆሞ አደረ።

ፈቃድ ሰጠሁት፤ እንደገና ቋጠርኩ።
አሁን ደግሞ ቸኮለ፤ ዳሳሹ ሳይነቃ ተነሥቶ
ጨለማ ላይ ጮኾ ሞተ።
በሦስተኛው ሌሊት ተራ ያዝኩለት፣
ቁጥር ዘጠና ዘጠኝ፣
ሁሉ ተነሥቶ ካበቃ በኋላ፤
ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ሥራው እንደሚጀምር ዘበኛ።

ገመዱን ነቀልኩ። እስከ አሥር ቆጠርኩ።
(ነጃት «እስከ ሃያ» አለች፤ ፈርታ ነው።)
ሰካሁ።
በጥቁሩ ስክሪን ላይ መስመሮች እንደ ክረምት ወረዱ፣
የማንም ስም፣ የማንም ቁጥር፣
ከሁሉም ሥር፣ በቁቤ የጻፍኳት አንዲት ቃል፦
ጅራ።
አለሁ፣ ማለት ነው።

ትናንት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መላው ጅማ ጨለመ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ አልጋዬ ላይ
መብራት እስኪመለስ ትንፋሼን እቆጥራለሁ።
ተመለሰ። የጎረቤት ፍሪጅ አጓራ።
ስልኬ ጮኸ፤ አባ ጭብሳ ናቸው፦
«ልጅሽ ነቅታለች፣ መብራቷ ይጠቅሳል።
ውሃው ገና ከአንደኛው ጥርስ ሥር ነው፤ ተኚ።»

«እርስዎስ በዚህ ዝናብ ድልድዩ ላይ ምን ይሠራሉ?»

ጥቂት ዝም አሉ። የአወቱ ድምፅ በስልኩ ገባ።
«እሷን ስንተኛ ነው ያደረግሻት?»
«ዘጠና ዘጠነኛ።»
«እኔ መቶኛ ነኛ።»