ማስረከቢያ

ጃንጥላሽን ዝጊው፤ ቁጭ በይ ረዉዳ፣
ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሪፖርቱም ዕዳ።
አዌቱ ሞልቶ ነው ያረፈድሽው፤ አውቃለሁ፣
እኔም ያንን ድልድይ ስንቴ ረግሜዋለሁ።

አልጋ አንድ የሰቃዋ፤ ዘጠኝ ሰዓት ወለደች፤
ሴት ናት፣ ሦስት ኪሎ፣ ጡት ወዲያው ያዘች።
“ማርያም ትቅረብሽ” አልኳት በምጧ፣ እንደ ልማዴ፤
“አሚን” አለች እሷም፣ ክንዴን ጨምድዳ፣ ክንዴ
እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።
ደሟ ልክ ነው። አማቷ ማርቃ ይዛ ቆማለች፣
“የናንተ መርፌ ቅቤ ይሆናል ወይ?” ትላለች።
አስገቢያት።

አልጋ ሦስት ግፊቷ አልወርድ ብሎኛል፤
ማግኒዚየሙ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል።
“ራሴን” ካለች፣ “ዓይኔን ጭጋግ” ካለች፣
ሐኪም ጥሪ፤ እስኪጽፉልሽ አትጠብቂ።

አሁን አልጋ አራት።
ሸምሲያ ደሟ ዳግም ፈሶ ኦፕራሲዮን ገብታ
ወጥታለች፤ አልነቃችም።
ሕፃኗ ስም የላት፤ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ።
ሰባት ሰዓት ላይ መብራቱ ሄደ፤
ጀነሬተሩም ሁለቴ ስሎ ዝም አለ ታክቶ።
ማሞቂያው ሣጥን ከእጄ ሥር ቀዘቀዘ፤
በስልኬ ብርሃን እግሯን አየሁት፣ ደንግዟል።

አባትየው ሙዘሚል፣ ባጃጅ ነጂው፣ ደጅ ነበር።
“ሸሚዝህን አውልቅ” አልኩት።
የሰደብኩት መሰለው፤ ግራ ቀኙን አየ፣
“እኔ? ሴቶች መሐል?” ድምፁ ተለየ።
መጋረጃ ሳብኩለት።
መንጃ ፈቃዱን ለትራፊክ እንደሚያሳይ ሰው
ሁለት እጁን ዘረጋ።
ቤንዚን ቤንዚን ከሚሸት ደረቱ ላይ አስተኛኋት፣
በራሱ ጃኬት፣ በኔ ነጠላ ጠቀለልኳት።
እንዳትሰበር ብሎ ትንፋሹን ዋጠው።
“ተንፍስ እንጂ” አልኩት፣ “ያንተን ሰምታ ነው
የምትተነፍሰው፤ ከረሳህ ትረሳለች።”
ከዚያ ወዲያ ያ ጎልማሳ፣ ልክ እንደ ባጃጁ፣
ሲተነፍስ አደረ፣ ፍሬን ሳይነካ እጁ።
ሠላሳ አምስት የነበረው ሠላሳ ስድስት ተኩል፤
ቴርሞሜትሩ ሦስቴ ደገመልኝ በትክክል።
ሲነጋ መብራት መጣ፤ ሣጥኑ ሞቋል፤
ግን አትመልሻት። እዚያው ትቆይ።

አልጋ ስድስት…
ኑሪያ ናት፤ የዴዶዋ።
ልጇን በነጭ ጨርቅ ከሸኘን ሦስት ቀን።
ዛሬ ወተቷ መጣ።
ጡት መርዶ አይሰማም፤ ማንስ ሄዶ ያርዳ?
ቀኑን ቆጥሮ መጣ፣ እንደ ተጠራ እንግዳ።
ቀዝቃዛ ጨርቅ አስሬላት ነበር፤ ፈታችው።
በመጋረጃው ክፍተት አልጋ አራትን አየችና
“የዚያች እናት አልነቃችም አይደል?” አለችኝ።
ከተርጫ መጥቼ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
“ጀባዹ” ማለት ነው የማውቀው፤
ለምጥ ነው የተማርኩት፣ ለዚህ አይሆንም።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። ምርመራዋን አየሁ፣ ንጹሕ ነው።
ሙዘሚልንም ጠየቅሁት። ዝም አለ፣ ረጅም ዝም፤
ትንፋሹን ግን አላቋረጠም።
“ከጠጣችላት ልጇ ናት” አለኝ፤
“ነገ ይቺ ሴት ወንድ ብትወልድ
ከኔ ልጅ ጋር አይጋቡም፤ ወንድሟ ነው።
ስሟንና ቀበሌዋን ጻፊልኝ።”
በቤንዚን ደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩለት።
ኑሪያ ጀርባዋን ሰጥታን አለበች፤ ድምፅ አላሰማችም፣
ሞልታ የሰጠችኝን ብልቃጥ ግን
ቶሎ አልለቀቀችውም።

በቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር የለም፤
“ሁለት ሚሊ፣ ከአልጋ ስድስት” ብዬ
ከጠርዙ ጽፌዋለሁ፤ ማትሮኗ ብትቆጣ ፊርማው የኔ ነው።
ቀጣዩን ሁለት ሰዓት ላይ ስጫት፣ በቱቦው፤
ሲሪንጁን አትግፊው፤ ከፍ አድርገሽ ያዢው፣
በራሱ ጊዜ ይውረድ።
ኑሪያ “እኔ ልያዘው” ካለች አትከልክያት።

ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጓንት አልቋል።
ሻይሽ በረደ።