አሥራ ሁለተኛው ቁልፍ

መኪና ግርግር ገባሁ፣ ካባውን በፌስታል ይዤ፣
ከድሬ በጠዋት ሚኒባስ፣ የደንገጎ ጥምዝ አዙሮኝ፣ ፈዝዤ።
ለባሹ የመድረክ ነጋዴ፣ ግመል ነጂ፣ የዘይላ ማዶ፤
ጨርቁ ደረሰ፣ ጠርዙ አለቀ፣ ደረቱ ብቻ ነው ባዶ።

የታይዋኑን ፕላስቲክ ቁልፍ በደርዘን ገዝቼ ነበር፤
በመብራት ሥር ፈገግ አለብኝ፣ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሳያፍር።
«ማን ያየዋል ከሦስተኛ ረድፍ?» አለ አዘጋጁ፣ ትከሻውን ነቅንቆ፤
እኔ ግን ሌሊቱን አደርኩ፣ ዓይኔ ከዚያ ቁልፍ ጋር ተናንቆ።

አው ሹክሪ ሲንገሩን አቆመ፣ እግሩን ከፔዳሉ አነሣ፤
ካባውን በጉልበቱ ዘርግቶ ዳበሰው፣ እንደሚያውቀው እንስሳ።
«ይሄ በመኪና አይሆንም» አለ።

ከእንጨት የተሞረደ ፍሬ፣ ሽምብራ የሚያህል፣ ከኪሱ፤
(እኔማ ሽምብራውን ራሱን ጠቅልዬ፣ ነቀዝ ወጥቶበት ከልብሱ!
ስነግረው ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪንሸራተት ኮፊያው ከራሱ።)

ሰሙን በክሩ ላይ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ አሸ፤
ወርቁን አልነገረኝም። ፍሬው ከጣቱ ሥር ሸሸ፣
ያዘው። ከላይ ወደ ታች ስምንት ክር ዘርግቶ፣
መርፌው ባንዱ ሥር ገብቶ፣ ባንዱ ላይ ወጥቶ፣
እንደ ሐረር ሴቶች ሙዳይ ከመሐል ተነሥቶ ሲሰፋ፣
እንጨቱ ከዓይኔ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በክሩ ውስጥ ጠፋ።

ለማቀፊያው ዘለበት፣ ከጥልፍ ክር የተገመደ፤
«ጠበቅ ይበል፤ ዘለበት ሲሰፋ ቁልፍ ያመልጣል፣ ከሄደ ሄደ።
በናንተ አማርኛ» አለኝ፣ «ቁልፍ አንድ ቃል ነው፣ ይገርማል፤
የጀጎልን በር ይዘጋል፣ የሰውን ደረት ያስማማል።»

አሥራ አንዱን ባንድ ዓይነት ሠራ፣ ጥቁር፣ ድብልብል፣ ቁንዶ በርበሬ፤
አሥራ ሁለተኛውን በቀይ። «ክር አልቆብዎት ነው?» አልኩ፣ አፍሬ።

«የሚለበስ ልብስ» አለኝ፣ «አንድ ቁልፍ ይወድቅበታል፣
መንገድ ላይ፣ ግመል ሲጭን። ማን ጥቁር ክር ይጠብቃል?
ሚስቱ ያገኘችውን ታነሣለች፣ በኩራዝ።
አሥራ ሁለቱ አንድ ከሆኑ፣ ልጄ፣ ልብሱን ማንም አልኖረው፤
ያ ነጋዴም ሚስት የለው፣ ግመልም የለው፣ መንገድም የለው።»

በመክፈቻው ማታ ከኋላ ቆሜ ደረቱን ብቻ አየሁ።
ቀዩን ማንም አላየውም። (ለአዘጋጁም ልነግር አልኩና ተውኩ።)
ተዋናዩ ግን፣ ማንም ያላዘዘው፣ ድርሰቱም ላይ ያልተጻፈ፣
ሚስቱን ሲሰናበት፣ አውራ ጣቱ ወደ ቀዩ አለፈ፤
ዳበሰው፣
ግመሉን ሊጭን ወጣ።