ቀዩ ክር

ናግፑር፣ የመጋቢት ሙቀት ሲጋረፍ፣
ማራገቢያው ቆሞ አቧራው ሲረግፍ፣
"የያሙናባይን ዶሴ አምጣ" አለኝ
አዲሱ ሹም ጎድቦሌ፤ ቀዩን ክር አስፈታኝ።

የሀብት ግብሯ ተሰልቶ፣ ተከፍሎ፣ ተቋጭቶ፣
ስንት ዓመት ተኝቷል ማኅተም ተመቶ።
"ቤቷ ረክሶ ተገምቷል" አለ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
"እንደገና ይታይ፣ ይከፈት" ብሎ።

አዲስ ደብዳቤ የለ፣ አዲስ ውል የለበት፤
ያው ግቢ፣ ያው አምባር፣ ያው የፊርማ ወረቀት።
አዲስ ዓይን ብቻ።

የይግባኝ ዳኞቹም ይህንኑ አሉት፦
"የተሸሸገ ሀብት ካገኘህ፣ ክፈት፤
ያልሰማኸው ወሬ ከደጅ ከመጣም፣ ክፈት፤
ሐሳብህ ስለዞረ ግን፣ አትንካት።"

ክሩን መልሼ አሰርኩ፣ በሁለት ቋጠሮ።
ሹሙ ሻዩን አማሰለ፣ አንገቱን ሰብሮ።

ሰኞ ጠዋት እሷው መጣች፣ በነጭ ሳሪዋ፣
ኖራ እንደ ዱቄት ነጥቦ በጫማዋ።
"ግድግዳ ሳስጠግን" አለች፣ "ከጡቡ በስተኋላ
የባሌ ሣጥን ወጣ፣ ወርቅ የሞላ።
ሠላሳ አንድ ሳንቲም። እኔም አላውቅ ነበር፣
እናንተም አታውቁ። ታዲያ ይህ አይደለም ወይ የሚያስከፍት ነገር?"

ጎድቦሌ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።
እኔ የቀን መቁጠሪያውን አየሁት፦
ሐሙስ የሕጉ ገደብ ያልቃል። ዓርብ ብትመጣ ኖሮ
ማንም አይነካት፣ የሰማይ ዳኛ እንኳ አንቀጽ ቆጥሮ።
ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ቀና ብላ አየችኝ፣

"ቀኑንማ እኔም ቆጥሬዋለሁ፣ ልጄ" አለች፤
ክሩን በገዛ ጣቷ ፈታች።