ጥያቄ አሥራ አራት

ከዓሣ ገበያው በታች፣ ጀልባ ከሚታሰርበት፣
የሻረግ ቅርፊት ትፍቃለች፣ እኔም ቁጭ ብያለሁ ፊት ለፊት።
ቢላዋዋ ሲሄድ ሲመለስ ቅርፊቱ ይበተናል፣
አንዱ ከታብሌቴ መስታወት ተለጥፎ ያበራል።

በኔ ሰነድ ስም የላትም፤ ዜሮ ሰባት ናት፣
ጾታ፦ ሴት። ዕድሜ፦ አርባ አንድ። ልጆች፦ አራት።
የብድር ምንጭ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ታስባለች፣
«ከማኅበር፣ ከዕቁብ፣ ከስልክ፣ ከባለ ሱቁ» ትላለች፤
«ደግሞ ከእኅቴ። እሱ ግን ብድር አይባልም፣
እሷ አትጠይቀኝም፤ እኔ ፊቷን ማየት አልችልም።»
ለዚህ ሣጥን የለኝም፤ «ሌላ» የሚለውን ነካሁ፣
ወደ ጥያቄ አሥራ አራት ቀስ ብዬ ወረድሁ።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ በሐሳብ ብዛት፣
ስንት ሌሊት ነበር እንቅልፍ ያጡበት?
ሀ፦ በፍጹም። ለ፦ ጥቂት ቀናት።
ሐ፦ ከግማሽ በላይ። መ፦ ሁሉንም ለማለት።

ቢላዋው ቆመ።
«እኔ የምቆጥረው ብር ነው» አለች፣
«ሌሊት የሚቆጥረው ሽታሁን ነው» ብላ ወደ ውኃው አየች።

ሽታሁን ባሏ ነው። ባለ ሞተር ጀልባ በብድር ገዛ፣
በዚያው ዓመት እንቦጩ መጣ፤ ዳርቻውን ሁሉ ገዛ።
ሥሩ ሞተሩን ጠመጠመው፣ ጀልባው እዚያው ታነቀ፣
ወለዱን ግን ምን ይነካዋል፣ በወር በወሩ ጸደቀ።

የስልኩ ብድር ይባስ። ማታ ማታ ይደውላሉ፣
ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ «ወንድሜ» ብለው ይጀምራሉ።
እሱም ስልኩን አንድ ቀን በፌስታል ጠቀለለው፣
ከዱቄት ዕቃው ውስጥ፣ እስከ ክርኑ ገብቶ ቀበረው።
«ባትሪው ካለቀ ስምንት ቀኑ፤ እሱ ግን ይሰማዋል፣
ዱቄቱ ይነዝራል ብሎ ተነሥቶ ጆሮውን ይለጥፋል።»
ስቃ ነው የነገረችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣
ጣቴ መስታወቱ ላይ ነበር፤ የምነካውን አጣሁ።

«ዕዳ ከሜዳ» የሚሉት ሜዳ ባለበት አገር፣
እዚህ ከባሕር ይመጣል፤ ሐምራዊ አበባው ደግሞ ሲያምር!
መጠይቁ «ድባቴ» ይላል፣ ባለሙያ የሰጠው ስም፣
እሷ «ከገበያ ስመለስ ልቤ አብሮኝ ቤት አይገባም»።

እውነቱን ከተናገርሁ፣ ያን ሰዓት ኪሴ ነዘረ፣
የዕቁባችን ጸሐፊ ነው፤ ከጠዋት ሲደውል ነበረ።
ዕጣው ቀድሞ የደረሰኝ እኔ፣ ሁለት ዙር ያልከፈልሁ እኔ፣
ደግሞ እኮ የሰው ዕዳና የሰው ጭንቀት አጥኚ መሆኔ!
አላነሣሁትም።
የሻረግ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችኝ፣
«አንቺስ? ስንት ሌሊት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሥልጠናው ላይ ተነግሮናል፦ ጠያቂ አይመልስም፣
ፊቱን አይለውጥም፣ አያጽናናም፣ አይመክርም።
«ሐ» አልኋት።
«ለእኔም ሐ በይ፤ ለሱ ግን መ ጻፊለት።»

እሱ ናሙናው ውስጥ የለም፤ አልወጣም ስሙ፣
ዕጣ ያልወጣላቸው ናቸው ሌሊቱን የሚቆሙ።

ስነሣ አንድ ቀረሶ በፌስታል አንጠለጠለችልኝ፣
«ብር አልያዝሁም» ስላት፣ «በዱቤ!» ብላ ሳቀችብኝ።
እስከ ዛሬ አለብኝ።

ኅዳር ላይ፣ ሆቴል አዳራሽ፣ ሐይቁ በመስኮት እየታየ፣
ውጤቱን አቀረብሁ፤ ሰንጠረዡ በየቀለሙ ተለየ።
ዜሮ ሰባት ነጥብ ሆናለች፣ ከነጥቦቹ መሃል አንዷ፣
ቅርፊት የለ፣ ዱቄት የለ፣ የት ይታያል ጉዷ?
አንድ ምክረ ሐሳብ ነበረኝ፣ አጭር፣ ባለ አንድ መስመር፦
ፀሐይ ከገባች በኋላ ስለ ዕዳ በስልክ አይነገር።
ባለ መነጽሩ ኃላፊ ፈገግ አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው፣
«ይኼ ምርቃት እንጂ ፖሊሲ አይደለም» ሲሉ ሰማኋቸው።
ሰነዱ ሲታተም ከገጽ ሃምሳ አንድ ግርጌ አገኘሁት፣
እንደ ዱቄት በደቀቀ ፊደል ውስጥ ቀብረውት።

ማታ፣ አበሌን ለዕቁቡ ከፍዬ፣
ስልኬን አጥፍቼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ጋደም ብዬ፣
ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዝም ብሏል።
ተነሣሁ። ጆሮዬን ለጠፍሁበት።
ይነዝራል።