ማነህ?

ጓሮ በሸናበት፣ ከድንጋዩ ላይ፣
ጉንዳን ተሰልፎ ሲመላለስ ሳይ፣
«ምን አገኙ?» ብዬ በሣቅ አለፍኩት፤
ልጄ እየፈሰሰ፣ ጉንዳን ታዘብኩት።

በዚያ ወር ነጋ ጠባ «ውሃ» ነበር ቃሉ፤
«ሐይቁን ሊጨርስ ነው!» ብለው ሣቁ የሰፈር ልጆች ሁሉ።
ሱሪው ከወገቡ ሲወርድ በሲባጎ አሰርን፤
«እድገት ነው» አሉን፣ «ወስፋት ነው» አሉን፣ ሁለቱንም አመንን።
አንድ ማለዳ ግን ትንፋሹ ሸተተኝ፣
የከረመ ማንጎ። «ላሊሶ!» አልኩት። አየኝ፤
አላወቀኝ።

ከአሞራ ገደል እስከ ሪፈራል፣ በባጃጅ፣ ራሱን ታቅፌ።
«ቆሽቴ አረረ» እል ነበር፣ በሳንቲም፣ በቀበሌ፣ በዝናብ ተናድጄ፤
ቃሉ ባለቤቱን አገኘ፤ ቆሽቱ ያረረው ልጄ።

ሐኪሟ የዘበኛ ካፖርቴን አየችና፣
በካርዱ ጀርባ ቆሽት ሣለች፤ ሰረዘች፤ ሣለች እንደገና።
«ሰውነትም ዘበኛ አለው፣» አለች፣ «የልጅህ ዘበኞች ግን ተሳስተው
የቤቱን ሰው ከበቡት፣ ኢንሱሊን ሠሪውን፣ ሌባ መስሏቸው።
በደሙ ውስጥ የዱላቸው ምልክት ይታያል።»
«ማን አዘዛቸው?» አልኳት።
«አናውቅም» አለች። ስለዚህች ቃል ወደድኳት።

እኔ ግን ትንሽ አውቃለሁ።
የዛሬ ሦስት ክረምት፣ መጋዘን ስጠብቅ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
አንድ ጥላ በአጥሩ ሥር መጣ። «ማነህ?» ብል፣ መልሱን ዶፉ ሲውጥ፣
ዱላዬን አነሣሁ። ሁለቴ። ከዚያ ነው ባትሪ ያበራሁት፤
ወንድሜን ዳንጊሶን፣ እራቴን ይዞ የመጣውን፣ ጭቃ ላይ አገኘሁት።
ዋሳው ተበትኗል። ግራ ክንዱ ዛሬም አይዘረጋም።
ሌባ አልነበረም። እኔም ክፉ አልነበርኩም፤
ንቁ ነበርኩ እንጂ፣ አልተኛሁም።

ጎረቤት «ልጅ ደሞ ስኳር?» ይላል። እናቱ የሻዩን ማንኪያ ትቆጥራለች፤
ካለፈው ዓመት ጀምራ ቆጥራ፣ ራሷን ትከስሳለች።
«ማንኪያው አይደለም» እላታለሁ። መቁጠሯን አታቆምም።

«ገና ያልሞቱ ጥቂቶች አሉ፣» ብላናለች ሐኪሟ፣ «ተሸሽገው ይሠራሉ፤
ይህን ጊዜ ጫጉላ እንለዋለን። ወራት ነው። ያልቃሉ።»
ከጫጉላ በኋላ ኑሮ እንዳለ አውቃለሁ፤ ባለትዳር ነኝ።
ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ አኖርኩት፣
ፀሐይ በማያገኘው ጥግ።

የሌሊቱን ፈረቃ ለሌላ ሰጠሁ፤ አሁን የምጠብቀው አንድ ፍራሽ ነው።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጀመሪያ ባትሪ፣ ወደ ግድግዳው፣ ዓይኑን እንዳይወጋው፤
ከዚያ ግንባሩን መዳሰስ፣ ላብ እንዳለው፤
ከዚያ ቀስ ብዬ፣
«ማነህ?»

ዱላዬ ከበሩ ኋላ ነው። እጠብቃለሁ።

«ላሊሶ ነኝ፣ አባ። ተወኝ፣ ልተኛ።»