ወደብ ቁጥር አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት

ድሮ — ድሮ ስል ካቻምና ማለቴ ነው —
የደም ምርመራ ውጤት ከደሴ ኮምቦልቻ
የሚወርደው በሚኒባስ ነበር፣ በረዳት እጅ ብቻ፤
ለሁለት የታጠፈ፣ ሙጫ ያልነካው ወረቀት፣
የመስኮት ንፋስ ገለጥ፣ ከደን የሚያደርግበት።
ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ሲያዘግም
አንዱ ተቀብሎ ያነበዋል፤ ሌላ ሥራ የለውም።
የዘምዘምም ነገር እንዲሁ፣ ለራሷ ጆሮ ሳይደርስ
ከወንበር ወንበር ተሻግሮ ቁልቁል ሲፈስ፣ ሲፈስ፣
በርበሬ ወንዝ ላይ ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት።
ሽማግሌ ልከው የነበሩ ዳግም ደጇን አልረገጡላት።

«ኮምፒውተር ታውቅ የለ?» አለችኝ ሲስተር ትርንጎ።
ጻፍኩ፤ ሆጤ፣ ከተከራየሁት ክፍል።
ሠላሳ መስመር፦ ውጤቱን ያነባል፣
አድራሻውን ይፈልጋል፣ ይልካል።
ሲደርስ አይቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙሄ፣
ዕድሜውን ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ፣
በበሩ አንገቱን አስግጎ «ታሽጓል ወይ?» አለኝ።
«ኢሜይል ምን ማሸጊያ አለው?»
«እንግዲያ ያው ረዳቱ ነው፤ ልብሱን ነው የቀየረው።»

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት መስመሩ ዳር አድፍጬ
የገዛ ደብዳቤዬን ጠበቅኩ፣ እንደ ሽፍታ ተቀምጬ።
መጣ፤ ራቁቱን። ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ቁጥር፣
የይለፍ ቃሌም ከፊቱ እየመራ፣ ሳይሸፈን፣ ሳያፍር።
ፕሮግራሙን ገለጥኩ፦ ሰባተኛው መስመር ላይ ቃሉ እንዳለ ተዘርግፎ
ከጎኑ «ለጊዜው ነው» ይላል፣ በኔው እጅ ተጽፎ።
ለጊዜው የተጣለ ድልድይ ስንት ክረምት እንደሚያሻግር
አላውቅም እንዴ?
ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ «ቆልፌያለሁ» ስል ነበር።

አወጣሁት። ፕሮግራሙ ብቻ በሚገባበት ጓዳ አኖርኩት።
ከወደብ ሃያ አምስትም ጓዜን ጠቅልዬ
አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት ገባሁ።
ኮምቦልቻ ባሕር የላትም፤ ወደብ ግን አላት፣ ደረቅ።
ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ፕሎምቡ ሳይሰበር ይመጣል፤
ሾፌሩ የተሸከመውን አያውቅም፣ ብቻ ይነዳል።

መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከዚያ «መታወቂያህን አሳየኝ።»
ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን አወጣ፤
ፕሮግራሜ «አላምንህም» አለ።
አንዴ። አሥሬ። ከሰዓት ሙሉ።
ምርመራውን የምታስቀር አንዲት ቃል ነበረች፤
ብጽፋት ሁሉም ያልፋል። ጣቴ ጫፍ ላይ ደረሰች።
ዘምዘም ትዝ አለችኝ።
ኋላ ለካ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ
ሲስተር ትርንጎ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ሞልታዋለች፤
ለኮምፒውተሩ ያ ሰርተፍኬት
ለመወለድ ሰባት ዓመት የሚቀረው ልጅ ነው።
ሳቅን። ቀኑን አስተካከልን። አለፈ።

ማክሰኞ እህቴ ረምላ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው አስፈቅዳ
መጥታ ደም ሰጠች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤
ሻዩን እንኳ ሳትጨርስ ወረደች።
ሐሙስ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር፦
ሰዓት፣ ቁጥር፣ «ተልኳል»። ስም የለ፣ ነገር የለ፤
እንዲህ እንዲሆን የጻፍኩት እኔው ነኝ።
ጓዳውን አውቀዋለሁ።
እጄን ግን ጉልበቴ ላይ አኖርኩት።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤
እኔም ለእጄ ሥራ ባዳ ሆኜ ዋልኩ።

ማታ ደወለች። ከኋላዋ የስፌት መኪና ይንጫጫል።
«ደረሰኝ» አለች።
ጠበቅኩ። ትንፋሿን ሰማሁ።
«እሺ» አልኩ፤
የሚገባውን እንደከፈለ ሰው
ደረሰኙን ብቻ ይዤ ስልኩን ዘጋሁ።