የብርብራ ዕዳ

ቲማቲሜ ረፋድ ቆሞ፣ ቀትር ላይ ይተኛል፤
ማታ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ፣ ደግሞ ይቃናል።
«ውሃ ጠምቶት ነው» አልኩ፤ ሞተሬን አስነሳሁ፤
ከጣና ጠልፌ ቦዩን ሁሉ ሞላሁ።
ሲጠጣ ከረመ፤ እየጠጣም ጠወለገ፤
ናፍጣዬን ጨርሶ ሌላ ጀሪካን ፈለገ።

አንዱን ነቀልኩት።
ስሩ ስር አይመስልም፤
መቁጠሪያ ይመስላል፣ ጸሎት ግን የለውም።
ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ጉብ ጉብ ያለ፣ ያበጠ፣
የአፈርን ምስጢር ሁሉ ሳያላምጥ የዋጠ።

አንጓች ናት የነገረችኝ፣ ከዩኒቨርሲቲው መጥታ፣
በሮቢት መንገድ ላይ ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ቀርታ፣
ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ።
ስሩን በምላጭ ከፈተች፤ በማይክሮስኮፕ አየችና
«ና እይ» አለችኝ።
አየሁ፦
ዓይን የለው፣ እግር የለው፣ ከክርም የቀጠነ፣
መሬቴን ሳይገዛው ባለርስት የሆነ።
«ኔማቶድ ነው» አለች። ስሙን ደጋገምኩት፤
እንደ ሹም ስም ከበደኝ፤ «የስር ትል» ብዬ ተውኩት።

የሱቁን መድኃኒት ረጭቼ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ፤
ቢያድግልኝ፣ ጎረቤቴ፣ የሞተ ንቡን በአካፋ ሲዝቅ አይቻለሁ።
«ሌላ የለም ወይ?» አልኳት።
«አለ» አለች፤ «ከግራዋም፣ ከብሳናም ጨምቀን፣
በብልቃጥ ውስጥ ትሉን አብረን አሳድረን
ጠዋት ቆጥረናል። ከሁሉ የበረታው ግን…»
ከኪሷ ፍሬ አወጣች፤ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣
እንደ አሮጌ ሳንቲም ጠርዙ የለዘበ።
ከዓይኔ በፊት እጄ አወቀው።

አባቴ ደሳለው፣ ነፍሱን ይማርና፣
ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጎርፉ ጋብ ሲልና
ዓሣው እንቁላሉን አዝሎ በገልዳ ሽቅብ ሲወጣ፣
ብርብራ ነበረ በከረጢቱ የሚመጣ።
ወቃጩ እኔ ነበርኩ፣ በሰባት ዓመቴ።
«ዓይንህን እንዳታሽ» ይለኝ ነበር አባቴ።
ዱቄቱን በተነው፤ ውሃው አረፋ ለበሰ፤
ጥቂት ጸጥ አለና
ነጭ ሆድ፣ ነጭ ሆድ፣ ነጭ ሆድ ፈሰሰ።
ትልቁን በእንቅብ፣ ትንሹን ለወንዙ፤
እንቁላሉን ማንም አልቆጠረው።
ሲያረጅ «ዓሣው የት ሄደ?» እያለ ይጠይቅ ነበር፣
ሐይቁን እንደ አበዳሪ እየሸሸ ከበር።
የት እንደሄደ እሱም እኔም እናውቃለን፤
ዓሣ አይመሰክርም፤ ስለዚህ ዝም አልን።

አሁን ደግሞ «ውቀጥ» ትለኛለች አንጓች።
እንደ ወርቅ አንጣሪ በግራም መዘነች፤
«ቦይህን ዝጋ፤ ከዳሩ ራቅ፤ ፀሐይ ያመክነዋል» አለች፤
ይህን ስትል ግን ዓይኗ ደንገሉን አየች።

በላይኛው መደብ ብርብራውን ቀበርኩ፤
ደንገሉ አጠገብ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ።
እዚያ ጎመንዘር ዘርቼ፣ ገና በአበባው
ቆራርጬ ገለበጥኩት፤ አፈሩ አፍንጫ የሚያቃጥል ሆነ፤
ሙሉ ቀን አስነጠሰኝ።
«ይሄኛው ደካማ ነው» አለች።
ይሁን። ደካማ ይሁን።

አንድ መስመር ግን ምንም አልተደረገለትም።
«ለማነጻጸሪያ» ትለዋለች፤ ሌላ ስም የለውም።
ቀትር በቀትር ሲተኛ አየዋለሁ።
አንድ ሌሊት እፍኝ ዱቄት ይዤ
ልሰርቅለት ወጣሁ፤
ቆጠራዋን አበላሽባታለሁ ብዬ
እፍኜን እንደጨበጥኩ ተመለስኩ።

ጥር ላይ ነቀልን። ከየመደቡ አሥር አሥር ስር።
ከላይ ሦስቱ ቋጠሮ፤ ከደንገሉ ስር ስድስቱ፤
ያ ስም የሌለው መስመር
አሥሩም።
ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ እስክሪብቶዋ ጭቃ ነክቶታል።

ሙቀጫውን ተሸክሜ ከሐይቁ ሽቅብ ወጣሁ፤
ከዘይቱኑ ማዶ የቆፈርኩት ጉድጓድ አለ።
ልጄ ትሁን ዘነዘናውን ይዛ ትከተለኛለች፦
«አባዬ፣ ውሃው እዚህ ነው፤ ምን ያህል ሩቅ ልንሄድ ነው?»

«አያትሽ እዚህ ነበር የሚያጥበው» አልኳት።

አልገባትም። ግን ዘነዘናውን
ከፍ አድርጋ ያዘችው፣
ሣሩን እንዳይነካ።